እንግዳ ሰው በገበያ፤ ስለ ቅን ዋጋ

ሰው አገሩንና ዘመዱን ትቶ፥ ደመወዝ ሳይጠይቅ፥ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በባዕድ ሕዝብ መካከል ለማገልገል ቢሄድ ሥራው የሚመሰገን ነው፤ በዚህ ነገር የሚከራከር አይገኝም። በትምህርት ቤት ያስተምራል፥ በሐኪም ቤት በሽተኛ ያስታምማል፥ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሳምንቱን እንዲህ ሲደክም ሰንብቶ አንድ ቀን ያርፋል። በዚያችም ቀን ዘንቢሉን አንሥቶ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ሳሙና፥ ምናልባትም ለእናቱ የሚልከውን አንድ ጥሩ ጨርቅ ይገዛል። እኛም በዚህች ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ስለ ሥራው ቀኖች ሳይሆን ስለዚህች ስለ ዕረፍቱ ቀን ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። ሻጪቱ አሥር ብላ ጠራች። ጎረቤቱ ያንኑ ዕቃ ትናንት በስድስት እንደ ገዛ ሰውየው ያውቃል። በኪሱም አሥር አለ፤ አሥሩ በሙሉ ቢወጣ እራቱን አያጣም። እንግዲህ ስንት ሊከፍል ይገባዋል? ስድስት ነውን? አሥር ነውን? ወይስ ብርቱ ተከራካሪ ሆኖ በአምስት ቢያስቀር የተፈቀደለት ነውን? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ትልቁን ሥራውን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ሌሎች ያዩታል፥ ያመሰግኑታልም፤ በገበያ ውስጥ ሳንቲሙን ሲቆጥር ግን ማንም ልብ ብሎ አይመለከተውም። ስለዚህ ባሕርዩ በዚያ ይበልጥ ተገልጦ ይታያል።

እንዲህ ያለው አገልግሎት በብዛት የተጀመረው ከሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ወዲህ ነው። በ1958 ዓ.ም. (በዚህች ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አሌክ ዲክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ከሞራ ጋራ ወጣቶችን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ማኅበር መሠረተ። በ1961 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በአሜሪካ የሰላም ጓድን አቋቋሙ፤ ከዚህም ጓድ የመጀመሪያዎቹ 51 አስተማሪዎች በዚያው ዓመት በኦገስት 30 ቀን ወደ ጋና ዋና ከተማ ወደ አክራ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ከ270 የሚበልጡ ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበተኑ፤ ዛሬ አረጋውያን ከሆኑት ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ያስታውሷቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1970 ዓ.ም. የራሱን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ስላቆመ፥ ከባለጠጋ አገር ብቻ ሳይሆን ከአፍሪካና ከእስያ የወጡ ሰዎችም በሌላው ሕዝብ መካከል እንግዶች ሆነው ያገለግላሉ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አድርገን ልናልፈው አንችልም። ይህን የሚያነብ ተማሪም ነገ በሰው አገር ዘንቢል ይዞ ሊቆም ይችላል።

ምሳሌ የሌለው ክርክር ባዶ ስለሚሆን፥ የመጀመሪያዎቹን ጓዶች ወደ ተቀበለችው ወደ ጋና ሄደን የኩማሲን ገበያ እንመልከት። ኩማሲ የአሻንቲ ሕዝብ ዋና ከተማ ናት፤ በኬጄቲያ ያለው ገበያዋም በምዕራብ አፍሪካ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው። በዚያ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በአሻንቲ ልማድ የትውልድ ሐረግ በእናት በኩል ይቈጠራል፤ ሴቲቱም በንግድ ያገኘችው ገንዘብ ከባልዋ ገንዘብ ተለይቶ የራስዋ ነው፤ ልጆችዋን የምታስተምርበትና እናትዋን የምትጦርበት ይኸው ነው። ለየሸቀጡም አለቃ አለው፤ ቲማቲም ሻጮች የራሳቸው ንግሥት፥ ያም የተባለውን ሥር የሚሸጡትም የራሳቸው ንግሥት አሏቸው፤ በቋንቋቸው «ኦሄማ» ትባላለች። እርስዋም ጠብ ሲነሣ ትዳኛለች፥ ከመካከላቸው አንዲቱ ሐዘን ሲደርስባትም ባልንጀሮችዋን ታስተባብራለች።

ወደዚህ ገበያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሰላምታ መስጠት አለበት። ሳይሰላምቱ ዋጋ መጠየቅ እንደ ብልግና ይቈጠራል። ገንዘብም የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው፤ በግራ እጅ መስጠት ስድብ ነው፤ ሰጪው ባለማወቅ ቢያደርገው ስንኳ ተቀባዪቱ ፊትዋን ታጠቍራለች። ይህ በሁለት እጁ መስጠትንና መቀበልን ለተማረ ለኢትዮጵያ ልጅ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተከምሮ ይሸጣል፤ ባቄላና የበቆሎ እህል በጣሳ ይሰፈራል። የዕለት ምግብ ሲገዛ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በዋጋው ላይ አይደለም፤ በመጠኑ ላይ ነው። የመደቡ ዋጋ የታወቀ ነውና ገዢው «ጨምሪበት» ይላል፤ ሻጪቱም ሁለት ሦስት ፍሬ ትጥልለታለች። ይህችን ጭማሪ በትዊ ቋንቋ «ንቶሶ» ይሏታል። በእኛም ገበያ ገዢዋ «መርቂልኝ» ስትል፥ የጕልት ሴት እፍኝ አክላ ምራቂ ስትሰጥ እናያለን። ቋንቋችን የሻጪቱን ጭማሪና የሽማግሌን ምርቃት በአንድ ሥር ቃል መጥራቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ገበያውን ሲመለከት ጩኸትና ክርክር ብቻ ይታየዋል፤ ሥርዓት ያለበት አይመስለውም። ሥርዓት የሌለበት ከመሰለውም፥ እርሱም ያለ ሥርዓት ሊገባበት ይደፍራል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚህ ነገር በጎ ፈቃደኛው የሚሳሳትባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋራ የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ።

አንደኛው በልቡ ውስጥ ከያዘው መዝገብ የሚመጣ ነው። «እኔ የእነዚህን ሰዎች ልጆች በነጻ አስተምራለሁ፤ በአገሬ ብሆን ኖሮ ብዙ ደመወዝ ባገኘሁ ነበር፤ እነዚህ ግን ከጎረቤቴ ይልቅ እኔን ያስከፍሉኛል» ይላል። ይህን አፍ አውጥቶ ባይናገር ስንኳ በክርክሩ ውስጥ ይሰማል። ሻጪቱ ከስድስት በታች አልሸጥም ስትለው ይቈጣል፤ ቍጣውም ስለ አንዲት ሳንቲም ሊሆን እንደማይችል ግልጥ ነው፤ ውለታ የተከለከለ መስሎት ነው። እንዲህ የሆነ ሰው አገልግሎቱን ሳያውቀው ወደ ብድር ለውጦታል። የሰጠውን በነጻ ሰጥቶ ሳለ፥ ከአገልግሎቱ ቦታ ርቆ፥ ከማታውቀው ሴት ሊሰበስበው ይሞክራል።

እርስዋ ማን ናት? ምናልባት ከልጆችዋ አንዱ ስንኳ በእርሱ ትምህርት ቤት የሚማር አይደለም። ቲማቲሙ በዝናብ ወራት ከአቅራቢያው እርሻ፥ በበጋም ከሰሜኑ አውራጃ ከቡርኪና ፋሶ ሳይቀር በእንጨት ሣጥን ተጭኖ ይመጣል። ሣጥኑ ሲከፈት ከታች ያለው ተጨፍልቆ ይገኛል፤ ይህም ኪሳራ የእርስዋ ነው። የተረፈው በሁለት በሦስት ቀን ካልተሸጠ ይበሰብሳል። ለመቀመጫዋ ለማዘጋጃ ቤት ግብር ትከፍላለች፤ ከአከፋፋዪቱ በዱቤ ወስዳ እንደ ሆነም ማታ ዕዳዋን ታደርሳለች። ደግሞ በየቀኑ «ሱሱ» ሰብሳቢ የሚሉት ሰው በመደብዋ ፊት ይቆማል፤ እርስዋም ከዕለት ገቢዋ የተወሰነውን ታስቀምጥበታለች፤ በወሩ መጨረሻ ያጠራቀመችውን ሲመልስላት የአንድ ቀኑን ቍጠባ ለድካሙ ያስቀራል። የእኛ አንባቢ ዕቁብን ስለሚያውቅ እንዲህ ያለ ቍጠባ ቢቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ያስተውላል። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው በክርክሩ ኃይል ያስቀራት አንዲት ሳንቲም ለእርሱ የሚነገር ወሬ ናት፤ ለእርስዋ ግን የሱሱ ገንዘብ ልትሆን ትችላለች።

ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ በጎ ፈቃደኛው ያለ ምንም አይኖርም። ደመወዝ ባይቀበል ስንኳ ለቀለብና ለቤት የሚሆን ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ቢታመም የሚያሳክመው አለ፤ ጊዜው ሲፈጸም ወደ አገሩ የሚመለስበት ቲኬት ተዘጋጅቶለታል። እርስዋ ከቲማቲምዋ በቀር የተዘጋጀላት የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ልበ ቀናዎቹ የሚወድቁበት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን ብንናገርበት ይሻላል። ይህ ሰው ያለፈውን ሁሉ ከተረዳ በኋላ ልቡ ይነካና «እንግዲያስ አሥር ካለች አሥር እሰጣለሁ፤ መልሱንም አልቀበልም» ይላል። ሻጪቱ ደስ ይላታል፤ እርሱም ደስ ይለዋል። ከዚህ የበለጠ ምን መልካም ነገር አለ?

እኔ ግን ይህን ያለ ምርመራ አልቀበለውም። በመጀመሪያ፥ አሥር ያለችው ልትከራከር ነው። አሥር የንግግር መክፈቻ ነው፤ ሰላምታ «እንዴት አደርህ» ተብሎ እንደሚከፈት ሁሉ። ያንን ቃል ሰምቶ ገንዘቡን ጥሎ የሚሄድ ሰው ንግግሩን ከበሩ ላይ ዘጋው። ለጎረቤትዋ ለሥጋ ሻጪቱ የምታደርገውን ጨዋታ፥ ጥያቄ፥ ሳቅና ምራቂ ለእርሱ ልታደርግ አልቻለችም። ገንዘብዋ በዛ፤ እርስዋ ግን ሰው ከመሆን ወደ ምጽዋት ተቀባይነት ወረደች፤ ያውም ምጽዋት ሳትለምን። ለምኖ የሚቀበል ሰው መቀበሉን ያውቃል፤ ልትሸጥ ወጥታ ሳለ የተመጸወተች ሴት ግን በራስዋ ሙያ መካከል ተንቃለች።

ሁለተኛም፥ ዋጋው የእርሱና የእርስዋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰፈር ብዙ እንግዶች ካሉና ሁሉም አሥር የሚከፍሉ ከሆነ፥ ጥሩው ጥሩው ለእነርሱ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በስድስት የሚገዛውን መደብ ያጣል፥ ወይም የተጨፈለቀውን ይወስዳል። እንግዳው ቸርነቱን ከዘበኛው ማድጋ ጨልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ሦስተኛውም ነገር ለመናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን እውነት ነው። አብዝቶ የሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ቲማቲሙን አይደለም፤ መወደድን ነው። በባዕድ አገር ብቸኝነት ይከብዳልና «መልካም ሰው መጣ» ተብሎ መጠራት ይጣፍጣል። እንግዲህ ሁለቱ ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ ያልሁት ስለዚህ ነው፤ ያ ሰው ስለ ሰጠሁ ይቅርታ ይደረግልኝ ሲል፥ ይህኛው በገበያም ሰጪ ሆኜ ልገኝ ይላል። ሁለቱም ሰጪነታቸውን በር ላይ ማኖር አልቻሉም።

ታዲያ ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። «ስድስት ልትቀበል እያሰበች አሥር ማለትዋ ውሸት አይደለምን?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች በጆርጅ ፎክስ ትምህርት ተመርተው፥ ሊቀበሉ ከሚያስቡት በላይ ዋጋ መጥራት ሐሰት ነው ብለው አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ጀመር። በመጀመሪያ ሰዎች ከሱቃቸው ሸሹ፤ የኋላ ኋላ ግን ሕፃን ልጅ ስንኳ ቢላክ የማይታለልበት ቤት መሆኑን ሲያዩ ገዢዎቻቸው በዙ። በ19ኛው መቶ ዓመትም በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ «ቦን ማርሼ» በተባለው ታላቅ ሱቅ ዋጋውን በየዕቃው ላይ ጽፎ መሸጥን አስፋፋ። እንግዲህ ዋጋ ተጽፎበት ሲገዛ ያደገ ሰው፥ ያልተጻፈ ዋጋ ሁሉ ማታለያ ቢመስለው አይደንቅም።

ነገር ግን ውሸት የሚሆነው ሰሚው እንዲያምነው ተብሎ የተነገረ ሐሰት ነው። በኩማሲ ገበያ አሥር የሚለውን ቃል የመጨረሻ ዋጋ ነው ብሎ የሚያምን የአገር ሰው የለም፤ ሻጪቱም እንዲያምናት አትጠብቅም። ሁለቱም የሚያውቁት ቋንቋ ነው። አታላይነት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ ቀጥቅጦ መስፈር፥ የበሰበሰውን ከመደቡ ሥር ደብቆ ላዩን ማሳመር፥ ይህ ሌብነት ነው። በገዢውም በኩል እንዲሁ ነው፤ የወደደውን ዕቃ «የማይረባ ነው» ብሎ አራክሶ ከገዛ በኋላ በቤቱ የሚመካውን ሰው መጽሐፈ ምሳሌ ይታዘበዋል። ቶማስ አኵይናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ ሲጽፍ፥ ትክክለኛ ዋጋ እንደ መርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ አይደለችም፥ በግምት የምትታወቅ ናትና ጥቂት መጨመር ወይም መቀነስ ቅንነትን አያፈርስም ብሎ ነበር። ክርክሩም የሚካሄደው በዚህች ጥቂት ስፋት ውስጥ ነው።

ነጋዴን ሁሉ እንደ ሌባ ማየት ወዴት እንደሚያደርስ ከጋና የተገኘ ብርቱ ምስክር አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር የመንግሥቱ የገንዘብ አያያዝ ተበላሽቶ፥ የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ፥ ዕቃም ጠፍቶ ነበር። መንግሥት ዋጋ ወሰነ፤ በተወሰነው ዋጋ ግን ዕቃ አይገኝም። ሕዝቡም ከሁሉ ይልቅ በዓይኑ ፊት የተቀመጡትን የገበያ ሴቶች ወነጀለ። በ1979 ዓ.ም. በኦገስት ወር፥ ሥልጣን የያዙት ወታደሮች በ1924 ዓ.ም. የተሠራውን በአክራ ያለውን ቍጥር አንድ የማኮላ ገበያ አፈረሱት፤ በዚያም ጊዜ በየከተማው ብዙ ነጋዴ ሴቶች ተገረፉ፥ ዕቃቸውም ተወረሰ። ገበያው ከፈረሰ በኋላ ግን የኑሮው ውድነት አልቀረም፤ ምክንያቱ እነርሱ አልነበሩምና። በጎ ፈቃደኛው «እነዚህ ሴቶች ሁሉ አጭበርባሪዎች ናቸው» ብሎ ለባልንጀራው ሲያወራ ቀላል ጨዋታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ቃል በሌላ አፍ ሲነገር ምን እንዳደረገ ይህ ያሳያል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ፥ ስድስት ይክፈል የሚል ነው፤ ጎረቤቱ የሚከፍለውን እርሱም ይክፈል። ተሰላምቶ፥ ተቀምጦ፥ ጠይቆ፥ ተከራክሮ፥ ምራቂውን በምስጋና ተቀብሎ ይሂድ። ምጽዋት መስጠት ከፈለገ ምጽዋት የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ በዚያ ይስጥ፥ ስሙንም ምጽዋት ይበለው። የጎረቤቱን ዋጋ ለማወቅ ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ወደ አንዲት መደብ ደጋግሞ መሄድ፥ ስምዋን ማወቅ፥ ልጅዋ ታሞ እንደ ነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ከአራቱ ሳንቲም ይልቅ ውድ ነው፤ ቸኩሎ አሥር የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ይህን ላለመክፈል ነው።

ይህ ደንብ ግን በሁሉ ቦታ አይሠራም፤ የጎረቤት ዋጋ የማይገኝለት ዕቃ አለና። ከኩማሲ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦንዊሬ የተባለ የሸማኔዎች መንደር አለ፤ ኬንቴ የተባለው የከበረ ጨርቅ በዚያ ይሠራል። ሸማኔው በጠባብ ዕቃ ላይ ተቀምጦ፥ ስፋቱ ከአንድ መዳፍ የማይበልጥ ረጅም ጥብጣብ ይሠራል፤ ለአንድ ወንድ ልብስ ከ20 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ጥብጣቦች ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ድሩና ማጉ በቀለም በቀለም ተቆጥሮ የሚገባ ስለ ሆነ የብዙ ቀን ድካም አለበት። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ያየ አንባቢ የዚህን ሥራ ክብደት ያውቃል። አሁን ደግሞ ምስሉ በፋብሪካ ታትሞ ከሩቅ አገር በርካሽ ይመጣልና፥ ሸማኔው ከጎረቤቱ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከመኪና ጋራም ይወዳደራል።

በጎ ፈቃደኛው ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ሸማኔው ሳምንቱን ሙሉ ገዢ አላገኘም እንበል፤ ክርም በዱቤ ወስዷል። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የክሩን ዋጋ ብቻ የሚመልስለትን ገንዘብ ቢጠሩለት እሺ ይላል። «በፈቃዱ ሸጠልኝ» ማለት ይቻላልን? በአፉ ፈቀደ፤ ነገር ግን የፈቀደው ችግሩ ነው። በዚህ ቦታ የክርክር ችሎታ ጥበብ መሆኑ ቀርቶ በወደቀ ሰው ላይ መቆም ይሆናል። በሰሜን አፍሪካ የሂጶ ጳጳስ የነበረውና በ430 ዓ.ም. ያረፈው አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ያነሣል። አንድ የጨዋታ ሰው የሁላችሁን ልብ ዐውቃለሁ፤ ሁላችሁ በርካሽ ገዝታችሁ በውድ መሸጥ ትፈልጋላችሁ ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። አውግስጢኖስ ግን ይህ ለሁሉ እውነት አይደለም ይላል፤ መጽሐፍ የሚሸጥለት መጥቶ፥ ሻጩ ዋጋውን ባለማወቁ እጅግ ጥቂት ሲጠይቀው፥ ሳይጠየቅ እውነተኛውን ዋጋ የሰጠ አንድ ሰው ዐውቃለሁ ብሎ ይመሰክራል። ይህ ሰው ምጽዋት አልሰጠም፤ የመጽሐፉን ዋጋ ነው የከፈለ። ለሸማኔውም የቀኑን ድካም ቈጥሮ የሚከፍል ሰው ቸር ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም፤ ሒሳብ ዐዋቂ መሆኑ ይበቃል።

በቅዱስ መጽሐፍም ውስጥ በባዕድ አገር የሚገዛ እንግዳ ማየት ብንፈልግ አብርሃም አለ። ሣራ በሞተች ጊዜ በኬጢያውያን መካከል መጻተኛ ነበረ፤ የመቃብር ቦታም ፈለገ። ባለ መሬቱ ኤፍሮን በከተማው በር፥ በሕዝብ ፊት፥ ቦታውን በነጻ ልሰጥህ አለው። የምሥራቅን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል የትሕትና መክፈቻ እንደ ሆነ ያስተውላል። ኤፍሮን በመጨረሻ ዋጋውን እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ጠራው፤ አብርሃምም ሁሉ እየሰሙ 400 ሰቅል ብር በነጋዴ ሚዛን መዝኖ ሰጠው። ስለ ሐዘኑ ይራሩልኝ አላለም። ስጦታውንም አልተቀበለም፤ ምክንያቱም በስጦታ የተቀበለው መሬት ሁልጊዜ የኤፍሮን ውለታ ሆኖ ይኖር ነበር። በዚያ ሕዝብ መካከል እንደ ሰው የሚቆምበትን ስፍራ በሙሉ ዋጋ ገዛ። ዋጋውን ያልተከራከረው ለምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ሬሳ ከፊቱ ተጋድሞ ነበር፤ ለሁሉ ነገር ቀን አለው።

አሁን ዘንቢሉ ሞላ። ገበያው ሲለቀቅ ግን በጎ ፈቃደኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ሰው ከጎኑ ይቆማል። በኩማሲና በአክራ ገበያዎች ከሰሜኑ የጋና አውራጃ የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ሸክም በመሸከም ይኖራሉ፤ «ካያየይ» ይሏቸዋል። በራሳቸው ላይ ሰፊ የብረት ሳህን አድርገው፥ በሰው መካከል እየተጋፉ፥ የያሙን የጨርቁን ሸክም እስከ መኪናው ድረስ ያደርሳሉ። ሌሊት በሱቆች በረንዳ ወይም በጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ ከሚያገኙት እየቈጠቡ ለትዳር የሚሆን የቤት ዕቃ ወይም የስፌት መኪና ለመግዛት የሚያስቡም አሉባቸው። ለእነዚህ ኦሄማ የላቸውም፤ ዋጋቸውንም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ባለ ሸክሙ ነው። ልጅቱም የትዊ ቋንቋ በደንብ ላታውቅ ትችላለች፤ በዚህ ነገር እርስዋም እንደ እርሱ እንግዳ ናት።

በቲማቲሙ ላይ ቅን የነበረ ሰው በዚህች ልጅ ላይ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ደክሞታልና፥ ሳንቲሙም አልቋልና። ስለዚህ ሸክሙ በራስዋ ላይ ሳይወጣ ዋጋውን ከእርስዋ ጋራ ይነጋገር፤ ርቀቱንም ሳይደብቅ ይንገራት። መንገዱ ከተነገራት በላይ ቢረዝም ይጨምርላት። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው የሚለው የኦሪት ሕግ ለእንደዚህ ላለች ልጅ የተጻፈ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ እራትዋን ትበላለችና። ወደ መኪናው ሲደርሱ ሳህኑን ከራስዋ ለማውረድ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ አንዲት ልጅ ብቻዋን አታወርደውም። ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ አስቀድሞ ሸክሙን ያውርድላት፤ ከዚያም በቀኝ እጁ ይክፈላት።